ለታዋቂ የጎልፍ ሜዳ ያን ሁሉ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል?

ስለ ውድ ግሪን ፊ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምረው ወደ አስቸጋሪው።

ግሪን ፊ ምንድን ነው? ምንንስ ይሸፍናል?

የሜዳው አባል ያልሆነ ሰው አንድ ዙር ለመጫወት የሚከፍለው ገንዘብ ነው። አንድ ዙር ሲባል ብዙውን ጊዜ 18 ጉድጓድ ነው፤ አንድ ጉድጓድ የሚባለው ከመነሻው ጀምሮ ኳሷ እስከምትገባበት ቀዳዳ ያለው መንገድ ሁሉ ነው። የመነሻ ሰዓት ቀድማችሁ ትይዛላችሁ፣ በሰዓታችሁ ትገኛላችሁ፣ ትጫወታላችሁ። በቃ።

ገንዘቡ የሚሸፍነው ሜዳው ላይ መጫወትን ብቻ ነው። የኪራይ ዱላ፣ የጎልፍ መኪና፣ ካዲ (ዱላ ተሸክሞ ተጫዋቹን የሚመራ ረዳት)፣ ምግብና ቲፕ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ይታሰባሉ። አንዳንዱ ቦታ የመለማመጃ ኳስ በነፃ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ለእሱም ያስከፍላል።

ዋጋው እስከ ስንት ይደርሳል?

ካሊፎርኒያ ያለው ፔብል ቢች ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ያለው ኦልድ ኮርስ በዋናው የጨዋታ ወቅት ከ300 ፓውንድ ያልፋል። ላስ ቬጋስ የሚገኘው ሻዶው ክሪክ ከ1,000 ዶላር አይወርድም። እዚያው ስኮትላንድ ተርንቤሪ በ2025 ሆቴሉ ላላረፈ ሰው፣ በተጨናነቀው ወቅት ጠዋት ለሚጀምር ዙር 1,000 ፓውንድ ጠይቋል።

ሌላም ገጽታ አለ። ቤዝፔጅ ብላክ የኒውዮርክ ግዛት የሕዝብ ፓርክ ነው። ዩኤስ ኦፕን የሚባለው ታላቅ ውድድር በ2002 እና በ2009 ተካሂዶበታል። ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ በ2019፣ ራይደር ካፕ ደግሞ በ2025 እዚያው ነበር። የግዛቱ ነዋሪ ግን ለዓመታት ከ100 ዶላር በታች እየከፈለ ሲጫወትበት ኖሯል። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው እጥፍ ገደማ ይከፍላል፤ እሱም ቢሆን ከፔብል ቢች ጋር አይወዳደርም። ውድ ስለሆነ ብቻ ታላቅ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ተራ ነው ማለት አይቻልም።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው?

ብዙ ሰው ሣሩን፣ ውሃውንና የሠራተኛውን ደመወዝ ያነሳል። እውነት ነው፣ ጥሩ ሜዳ መያዝ ቀላል ወጪ አይደለም። ዋጋውን የሚሰቅለው ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ እናስላው። በየ10 ደቂቃው አራት ሰው ቢነሳ በሰዓት 24 ሰው ይሆናል። ለ8 ሰዓት ያህል እየተነሱ ቢውሉ 192 ሰው ነው። ከዚያ በላይ ጀንበሯ አትፈቅድም።

አሁን ዓለም ላይ ስንት ሰው በቴሌቪዥን ያየውን ፔብል ቢችን አንድ ቀን ልጫወትበት ብሎ እንደሚመኝ አስቡ። ቦታው ግን በቀን ለሁለት መቶ ሰው እንኳ አይበቃም። ባለቤቶቹ ዋጋ ሲጨምሩ ሰልፉ አላጠረም፤ ስለዚህ ደግመው ጨመሩ። ብዙ ዝነኛ ሜዳዎች አጠገባቸው የራሳቸው ሆቴል አላቸው። ሜዳው አልጋውን ይሸጣል፣ አልጋው ሜዳውን ይሸጣል።

ሣሩ በእርግጥ ያን ያህል ይለያል?

ይለያል፣ ግን ለእሱ ብቻ መክፈል ሞኝነት ነው። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ሜዳዎችም ግሪናቸው፣ ማለትም በቀዳዳው ዙሪያ ያለው አጥሮ የታጨደ ሣር፣ ለስላሳና ፈጣን ነው። በተቃራኒው ኦልድ ኮርስ በደረቅ የበጋ ወራት ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። መሬቱ ደረቅ፣ ጠንካራና ጎርበጥባጣ ነው። አረንጓዴ ምንጣፍ ጠብቆ የሄደ ሰው ቅር ይለዋል። እዚያ ኳስ የሚያምረው ግን መሬት ለመሬት ሲንከባለል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ደረቅነቱ ያስፈልጋል።

አንድ የምትጠይቁት ነገር አለ፦ ግሪኑ በቅርብ ጊዜ ተበስቷል ወይ? ሜዳዎች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ግሪኑን በትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሱትና አሸዋ ይነሰንሱበታል። ሥሩ እንዲተነፍስ ነው። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ግን ኳሷ እየነጠረችና እየዘገየች ነው የምትሄደው። ዋጋ የሚቀንሱ አሉ፣ ዝም ብለው ሙሉውን የሚቀበሉም አሉ። ሳትከፍሉ በፊት መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ታዲያ ገንዘቤ የሚገዛልኝ ምንድን ነው?

በእኔ ግምት ሌላ ቦታ የማይገኝ መሬትና በዚያ መሬት ላይ የተሠራ ብልህ ንድፍ ነው። የፔብል ቢች 7ኛ ጉድጓድ 100 ሜትር ገደማ ነው። ከርዝመቱ አንፃር ጨዋታ አይመስልም። ግን ከከፍታ ወደታች፣ ሦስት ጎኑን ባሕር ወደከበበው ትንሽ ግሪን ነው የሚመታው። ነፋስ በሌለበት ቀን አጭር ዱላ ይበቃል። ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ረዘም ያለ ዱላ ሲያወጡ ታያላችሁ። ይህን የሠራው ገንዘብ አይደለም፤ ገደሉና ውቅያኖሱ ናቸው።

ኦልድ ኮርስ ላይ ደግሞ ሰባቱ ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ጉድጓድ ይዘዋል። አንድ ግሪን ላይ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው ይጫወታሉ። 17ኛው ጉድጓድ ላይ የመጀመሪያውን ምት የሆቴሉን ጥግ አሻግራችሁ ነው የምትመቱት። ግሪኑን ጥልቅ ባንከር፣ ማለትም አሸዋ የሞላበት ጎድጓዳ ወጥመድ፣ ይጠብቀዋል። በ2022 ካሜሮን ስሚዝ ዘ ኦፕን የሚባለውን ታላቅ ውድድር ባሸነፈበት የመጨረሻ ቀን እዚህ ሲደርስ ባንከሩን በአየር ልሻገረው አላለም። ፓተሩን፣ ኳስ መሬት ለመሬት የሚያንከባልሉበትን ዱላ፣ አውጥቶ ኳሷን በባንከሩ ዳር አዞራትና ምት ሳያባክን ጉድጓዱን ጨረሰ። እናንተም እዚያው ቆማችሁ ያው ምርጫ ይቀርብላችኋል። በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በተካሄደበት ሜዳ ከፍሎ መግባትና ያችኑ ፍፁም ቅጣት ምት መምታት አይቻልም። በጎልፍ ይቻላል። ውድ ግሪን ፊን የሚደግፍ ከዚህ የተሻለ ክርክር አላውቅም።

ሻዶው ክሪክን የመሰሉ የቅንጦት ሜዳዎችስ?

ሻዶው ክሪክ በረሃ ላይ በቶም ፋዚዮ ንድፍ የተሠራ ነው። በሺህ የሚቆጠር ዛፍ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተተክሎበታል። ዋጋው ውስጥ ካዲና ከሆቴል የሚያመጣችሁ ሊሙዚን ይካተታል። ለመግባት የባለቤቱ ኩባንያ ሆቴሎች ውስጥ ማረፍ ያስፈልጋል። የምህንድስና ሥራው ያስገርማል።

ግን እዚህ የምትከፍሉት በዋናነት ለመስተንግዶ ነው። መስተንግዶ ደስ የሚለው ሰው አይከፋበትም። ለጨዋታው ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን በዚያው ገንዘብ ከሁለት ያላነሱ ታላላቅ ሜዳዎች ላይ መጫወት ይቻላል።

ገና ጀማሪ ነኝ። ይባክንብኛል?

እንደ ሜዳው ነው። ኦልድ ኮርስ ከሚወራለት በላይ ለደካማ ተጫዋች የሚራራ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ በግራ በኩል ደግሞ ብዙ ቦታ አለ። ሆኖም ሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር) ይጠየቃል፤ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ቤዝፔጅ ብላክ ግን ሌላ ነገር ነው። መነሻው ላይ ሜዳው እጅግ ከባድ እንደሆነና ለበቁ ተጫዋቾች ብቻ እንደሚመከር የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለፎቶ የተሰቀለ እንዳይመስላችሁ።

ክብደቱን አስቀድሞ ለማወቅ ስሎፕ የሚባለውን ቁጥር እዩ። የተለመደው መነሻ 113 ነው፣ ጣሪያው 155። ቁጥሩ ከ140 ካለፈ ለጀማሪ የስቃይ ቀን ነው። ወደፊት ካለው መነሻ ተጫወቱ፤ ማንም አይስቅባችሁም። በጎልፍ ጎበዝ የሚባለው ጥቂት ምት የመታ ነው፤ የሚያስቀው 120 ምት የሚመታ ሰው እንደ ባለሙያ ከኋላ ልጀምር ሲል ነው።

በነገራችን ላይ ጀማሪ አንድ የሚጽናናበት ሒሳብ አለ። በ600 ዶላር 75 ምት የመታ ሰው ለአንድ ምት 8 ዶላር ከፈለ። 120 የመታው 5 ዶላር ብቻ። ማን አተረፈ?

ቀልዱን ትተን፣ ኳሷን ከመሬት ማንሳት ገና የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቆዩ። ሜዳው የትም አይሄድም። ዙሩን ሙሉ ኳስ ስትፈልጉ ከዋላችሁ ገደሉንም ባንከሩንም ሳታዩት ነው የምትወጡት።

ከግሪን ፊው ሌላ ምን ወጪ አለ?

ዋናው አልጋ ነው። ፔብል ቢች ላይ ቀድሞ ቦታ መያዝ የሚችለው የሪዞርቱ እንግዳ ነው፤ የክፍሉ ዋጋ ደግሞ ከግሪን ፊው ይበልጣል። ስለዚህ 600 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ የተነሳ ሰው መጨረሻ ላይ ደረሰኙን ሲያይ ይደነግጣል። ሰሜን ካሮላይና ባለው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳም ዋናው መንገድ ሪዞርቱ ውስጥ ማረፍ ነው።

ቀጥሎ ካዲ አለ። ክፍያውና ቲፑ ተደምሮ ቀላል አይደለም፤ ቲፑ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። ግን አንድ ነገር ላይ ቆጥቡ ብትሉኝ ካዲ ላይ አትቆጥቡ እላለሁ። በተለይ ኦልድ ኮርስ ላይ ከመነሻው ብዙ ነገር አይታይም። የት እንደምትመቱ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ዙሩን ሳይገባችሁ ትጨርሱታላችሁ። ከዚያ ይልቅ ከመደብሩ የሚገዛውን አርማ ያለበት ሹራብ ተዉት።

የመነሻ ሰዓት ማግኘት ለምን ከባድ ሆነ? እንዴትስ ይገኛል?

እያንዳንዱ ሜዳ የራሱ ሥርዓት አለው። ኦልድ ኮርስ ዕጣ ያወጣል፦ ከመጫወቻው ቀን ሁለት ቀን በፊት ስማችሁን ታስገባላችሁ፣ ዕድል ትጠብቃላችሁ። እሑድ በተለመደው ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ ሴንት አንድሩስ ለአንድ ቀን ብቻ መሄድ ቁማር ነው፤ ሦስት አራት ቀን ቆዩ። ፔብል ቢች ሆቴሉ ላላረፈ ሰው ክፍት ቦታ የሚሸጠው ከአንድ ቀን በፊት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆናችሁ ዕድላችሁ ከአራት ሰው ይሻላል። ቤዝፔጅ ላይ ደግሞ ሰዎች መኪና ማቆሚያው ውስጥ መኪናቸው ውስጥ አድረው ይሰለፋሉ።

ዋጋው የሚቀንስበት መንገድ አለ?

አለ። አመሻሽ ላይ መጀመር አንዱ ነው፤ 18ቱን ሳትጨርሱ ሊጨልም እንደሚችል ግን እወቁ። ከወቅቱ ውጭ መሄድ ሌላው ነው። ኦልድ ኮርስ በቅዝቃዜው ወራት በጣም ይረክሳል። ሣሩ እንዳይጎዳ ታዲያ ፌርዌይ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የታጨደ ሣር) ላይ ኳሷን ትንሽ ምንጣፍ ላይ አድርጎ መምታት የተለመደ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ሄዶ ይናደዳል። ኦሪገን ያለው ባንደን ዱንስ በበኩሉ በዚያው ቀን ሁለተኛ ዙር ለሚጫወት በግማሽ ዋጋ ያደርግለታል። መኪና የለም፣ በእግር ነው። እግራችሁ ከቻለ ጥሩ ስምምነት ነው።

ከሁሉም የምወደው መንገድ ግን ጎረቤቱ ሜዳ መሄድ ነው። ከፔብል ቢች ጥቂት ደቂቃ በመኪና ርቆ ፓሲፊክ ግሮቭ የሚባል የከተማ ሜዳ አለ። ሁለተኛው ዘጠኝ ጉድጓድ በብርሃን ማማው ዙሪያ፣ በአሸዋ ክምሮቹ መሃል፣ ባሕሩን እያየ ይሄዳል። የዚህን ዘጠኝ ንድፍ ያወጣው ጃክ ኔቪል ነው። ፔብል ቢችን ከዳግላስ ግራንት ጋር የነደፈው ያው ሰው። ዋጋው ከፔብል ቢች ጋር ጭራሽ አይነጻጸርም። ሴንት አንድሩስም ከኦልድ ኮርስ አጠገብ በ1895 የተከፈተ ኒው ኮርስ አለው። ስሙ አዲስ ነው እንጂ ዕድሜው ከብዙዎቹ የዓለም ሜዳዎች ይበልጣል። አፈሩና ነፋሱ አንድ ነው፣ ሂሳቡ ግን ያነሰ።

የግል ክለቦች ላይ በገንዘብ መጫወት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ምርጦቹ ላይ አይቻልም። አውጉስታ ናሽናል ለሕዝብ የሚሸጥ ግሪን ፊ የለውም። ወይ አባል ጋብዟችሁ ትገባላችሁ፣ ወይ እዚያ የሚካሄደውን ማስተርስ የተባለ ውድድር በቴሌቪዥን ታያላችሁ።

እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙርፊልድን የመሰለ ጥብቅ ክለብ ሳይቀር በተወሰኑ ቀናት እንግዳ ይቀበላል። ምክንያቱ ደግነት ብቻ አይደለም። ከእንግዳ የሚሰበሰበው ገንዘብ የአባላቱን ዓመታዊ መዋጮ ዝቅ አድርጎ ይይዝላቸዋል። አንዳንድ ክለብ ላይ አንድ እንግዳ ለአንድ ቀን የሚከፍለው አንድ አባል ለወራት ከሚከፍለው አይተናነስም። ይህ የሚያናድደው ሰው አለ። እኔ ግን በሩ ተዘግቶ ከሚቀር ተከፍሎ ቢገባ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዝናብ ቢጥልስ? ጨዋታው ቢንዛዛስ? ገንዘቤ ይመለሳል?

ባጭሩ፣ አትጠብቁ። ባሕር ዳር ያሉ ሜዳዎች ላይ ዝናብና ነፋስ የጨዋታው አካል ናቸው። ገንዘብ የሚመለሰው ወይም ሌላ ቀን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሜዳው ራሱ ሲዘጋ ነው። መብረቅ ሲኖር ለምሳሌ። ስትይዙ የመሰረዣውን ደንብ አንብቡ።

መንዛዛቱን በተመለከተ ዝነኛ ሜዳ ላይ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መፍጀት የተለመደ ነው። ሁሉም ፎቶ ያነሳል፣ ሁሉም ኳሱን ይፈልጋል። ከፊታችሁ ያለው ቡድን አንድ ድልድይ ላይ ቆሞ ሃያ ፎቶ ሲነሳ አትቆጡ። ትንሽ ቆይታችሁ እናንተም እዚያው ናችሁ።

አንድ ውድ ዙር ይሻላል ወይስ በዚያው ገንዘብ አምስት ስድስት መካከለኛ ዙሮች?

ጨዋታችሁን ማሻሻል ከፈለጋችሁ መካከለኛዎቹ። ጥርጥር የለውም። አንድ ቀን ፔብል ቢች መዋል ማንንም ጎበዝ አላደረገም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ግን መልሱ ይለወጣል። የዙሩ ቁጥር ያን ያህል አይጠቅማችሁም፣ የሚታወስ አንድ ቀን ሊበልጥባችሁ ይችላል።

ለጉዞ ከሆነ የምመክረው ቅልቅል ነው። አንድ ዝነኛ ሜዳ፣ በዙሪያው ሁለት ሦስት ስማቸው ያልገነነ። ዝነኛውን መጀመሪያ ቀን ላይ አታድርጉት፤ ከበረራ የደከመ ሰውነት ይዞ ውዱን ዙር መጫወት ብክነት ነው። መጨረሻ ቀን ላይም አይሁን፣ አየሩ ከከፋ መተኪያ ቀን የላችሁም።

«ዝናው ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም?

ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ተመልሶ «አልወደድኩትም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ከውድ ሜዳ የመጣ ሰው ሁሉ ሲያወድስ ብትሰሙ ትንሽ ቀንሱለት። ዋጋ ራሱም ያታልላል። 500 ዶላር የተጠየቀበት ነገር መቼስ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም እንላለን። በሌላ በኩል አንዳንዱ ዝና በሥራ የመጣ ነው። ፍሎሪዳ ያለው የቲፒሲ ሶውግራስ 17ኛ ጉድጓድ፣ ውሃ መሃል ያለው ግሪን፣ የዝና ብቻ አይደለም። አካባቢው አሸዋ እየተቆፈረ ሲወጣ ሰፊ ጉድጓድ ቀረ። የነዳፊው የፒት ዳይ ሚስት አሊስ ዳይ ግሪኑን ደሴት አድርገው አለችው። ዛሬ እዚያ መነሻ ላይ የቆመ ሁሉ፣ ባለሙያውም አማተሩም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

መለያው ቀላል ነው። እዚያ የተጫወተ ሰው ፈልጉና ስለ ሜዳው ንገረኝ በሉት። አራተኛው ጉድጓድ እንዲህ ነው፣ አስራ አንደኛው ላይ ይህን መረጥኩ፣ ባንከሩ እንዲህ አደረገኝ ካለ ሜዳው ገንዘቡን ያወጣል። ስለ ምሳው፣ ስለ ፎጣውና ስለ በረኛው ሰላምታ ብቻ ካወራ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጓደኞቼ ሊሄዱ ነው፣ ለእኔ ግን ዋጋው ይከብዳል። ምን ላድርግ?

ይሄኛው ነው ከባዱ። ተበድሮ መጫወት አይመከርም። ዙሩን ሙሉ ሒሳብ እያሰላ የሚሄድ ሰው ሜዳውንም አያየው፣ ጓደኞቹንም ያስጨንቃል። ጉዞውን ሳትተዉ ውዱን ዙር ብቻ መተው ግን ትችላላችሁ። ያን ቀን ጎረቤቱ ሜዳ ተጫወቱ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር እየተራመዳችሁ ተመልከቱ። ለተመልካች የሚፈቅዱ ሜዳዎች አሉ፤ ጠይቁ። ኦልድ ኮርስ ደግሞ ጨዋታ በሌለበት እሑድ ለሁሉም ክፍት ነው። የከተማው ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል፣ የ17ኛውን ጉድጓድ ባንከር ቆሞ ማየት ምንም አያስከፍልም።

ውሳኔያችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ። የመነሻ ሰዓቱ ለአራት ሰው ተይዞ አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ከቀረ፣ ብዙ ሜዳ የአራተኛውንም ሂሳብ ከቀሩት ሦስቱ ይቀበላል።